ከስቅለት ማግሥት ያልለቀቀኝ ወገብ

በስቅለት ማግሥት በግቢያችን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው አልነበረም። አከራዬ፣ የቄስ ሚስት ናቸው፣ ከበራቸው እስከ ውሃ በርሜሉ ድረስ ግድግዳ እየተደገፉ መጡና ጣሳውን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ እዚያው ቀሩ። ከጎኔ ባለው ክፍል የምትኖረው የመንታዎች እናት ደረጃውን የምትወርደው ጀርባዋን አዙራ ነበር፤ ባቷ ወደ ፊት አላስወርድ ብሏት። ሁላችንም ራሳችን ላይ ቄጤማ አስረን፣ ሁላችንም እያቃሰትን፣ ሁላችንም እርስ በርስ እየተያየን እንሥቅ ነበር።

"ተማሪዪት፣ አንቺስ?" አሉኝ አከራዬ። ዕድሜዬ ከሄደ በኋላ ደብተር ይዤ ስወጣና ስገባ ያወጡልኝ ስም ነው።

"ወገቤን፣ እትዬ።"

"ወገብሽን! እኔ ጭኔን፣ እሷ ባቷን፣ አንቺ ወገብሽን። ተካፍለን ነዋ የሰገድነው!"

እንዲህ ያለው ሕመም እኛ ዘንድ ሕመም አይባልም። ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ ላይ ወድቆ የተነሣ ሰው ቅዳሜ ቢያነክስ ማንም ምን ሆንክ አይለውም። እንዲያውም የሚጠየቀው ቀጥ ብሎ የሚሄደው ነው። የመንታዎቹ አባት በዚያ ጠዋት ዘና ብሎ ሲያልፍ ሚስቱ ከደረጃው ላይ ሆና፣ "የዛፉ ጥላ እንዴት ነበር?" ብላ ጠየቀችው። እሱም ወዲያው ጉልበቱን ይዞ ማነከስ ጀመረ። እኔም ከሁሉ ጋር ሣቅሁ። ሕመሜ በዚያ ሁሉ ሰው ሕመም መሐል ተደባልቆ ገባ፤ ከዚያም ብዙ ቀን ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ለይቶ አላየውም።

ነገሮችን ለይቶ ማየት ግን ልማዴ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አንድ ጣት ወጣ ብሎ ካየሁ ገፋ ሳላደርግ አላልፍም። ስለዚህ በኋላ ሳስበው የሚገርመኝ፣ ልዩነቱ ከመጀመሪያውም ፊቴ ላይ መቀመጡ ነው። የእነሱ ሕመም በሁለቱም እግር እኩል ነበር። የእኔ ከቀሚሴ መታጠቂያ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ብቻ፣ በአንድ ጣት ልነካው የምችል ቦታ ላይ ነበር። የእነሱ ሲንቀሳቀሱ ብሶ ሲቀመጡ ይለቃቸዋል። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም።

ከየት እንደ መጣ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ በቦኖው መጥቷል ተባለ። እኛ ሰፈር፣ ማራኪ፣ ውሃ መጣ ከተባለ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። እኔም ከሥራ መልስ ጀሪካኖቼን እያመላለስኩ በርሜሌን ሞላሁ። የመጨረሻውን ጀሪካን ከመሬት አንሥቼ፣ ወገቤን ጠምዘዝ አድርጌ በርሜሉ አፍ ላይ ሳሳርፈው ውስጤ አንድ ነገር ሸርተት ያለ መሰለኝ። አላመመኝም። ትንሽ ቆም አልኩና ክዳኑን ዘጋሁ። በማግሥቱ ዓርብ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ነጠላዬን አጣጥፌ ከግንባሬ ሥር አኑሬ፣ ካህናቱ ኪርያላይሶን ባሉ ቁጥር ስወድቅና ስነሣ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ላይ ከእያንዳንዱ መነሣት ጋር ቀኝ ዳሌዬ ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ይለቀኝ ነበር። ይህንንም ከምስጋና ቆጠርኩት። ማታ ካህኑ በወይራው ቅጠል ጀርባዬን ነካ ነካ አድርገው የድርሻዬን ስግደት ሲነግሩኝ እሱንም ጨምሬ ሰገድኩ።

የምፈራው ነገር ባይኖር ምናልባት በዚያው ችዬው እቀር ነበር። የምፈራው ፈተናውን ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ አይደለም። ኮሶዬ አካባቢ ተወልጄ፣ ሰው ቤት ልሠራ ጎንደር ገብቼ፣ ሌሎች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው እኔ በማታ አንደኛ ክፍል የገባሁት። ከዚያ ወዲህ አቋርጬ አላውቅም። አሁን በኤክስቴንሽን የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርቴን ጨርሼ የቀረኝ የመውጫ ፈተናው ብቻ ነበር፤ እሱም ሰኔ ላይ ነው። ኮምፒውተር ፊት ረጅም ሰዓት ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ፈተና ነው። እና እኔ ሽሮ እስኪበስል ድረስ እንኳ ቁጭ ማለት አቃተኝ።

በፋሲካው ጠዋት ወደ ወንድሜ ቤት ኮሶዬ ወጣሁ። በሚኒባሱ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከተማውን ለቀን ዳገቱን ስንጀምር ሕመሙ ከዳሌዬ ወርዶ ከጭኔ በስተኋላ ገባ። አንዱን ወገን አነሣለሁ፣ ሌላውን አስቀምጣለሁ፤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ጠጋ አሉልኝ፤ ቦታ የጠበበኝ መስሏቸው ነው። ኮሶዬ ስንደርስ "ወራጅ አለ" አልኩ። መኪናው ቆመ። እኔ አልተነሣሁም።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። "እመቤት፣ ወራጅ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ወይስ ደባርቅን ማየት አማረሽ?"

ሰዉ ሣቀ። የፊተኛውን ወንበር ብረት በሁለት እጄ ይዤ ራሴን እየጎተትኩ ተነሣሁ። መሬት ስረግጥ ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አንድ ነገር ነዘረኝ። ብርዱ ነው አልኩ።

የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ አየችኝና፣ "ምነው እታለም፣ ምነው ተጣመምሽ?" አለችኝ።

"ስግደቱ ነው።"

"እህ፣ እሱስ ሸጋ ነው! እኔም ትናንት እንዲሁ ነበርሁ።"

ወንድሜ ከውስጥ ሆኖ፣ "ከተሜ ወገብ! ድሮ እንስራ ተሸክማ ይችን ዳገት የምትሮጥ ልጅ ነበረች፤ ወረቀት ስታገላብጥ ወገቧን ጣለችው" አለ። የመጣሁ ቀን ሁሉ የሚለው ነገር ነው፤ ዶሮዬን ቁጭ ብዬ ብበላለት ኖሮ ይረሳው ነበር። ግን ቆሜ በላሁ። በበዓል ቀን ቆሞ የሚበላ እንግዳ ሰው ቤት ውስጥ ሁሉንም ያስቆማል። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ተነሣ፣ ሚስቱ ሁለት ጊዜ መከዳ አቀረበችልኝ፣ በመጨረሻ ሁላችንም ግማሽ ቁጭ ግማሽ ቆመን ጨረስን።

ሰኞ ጠዋት የወንድሜ ሚስት ለዘር ያስቀመጠችውን ድንች ከጓዳ ወደ በር አወጣች። ጆንያውን በጉልበቷ ገፋ፣ በደረቷ ደገፍ አድርጋ አንሥታ ስትሄድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አይ ነበር። ያን ዓርብ እሷም እንደ እኔ ስትሰግድ ነው የዋለችው፤ ዕድሜያችንም ያን ያህል አይራራቅም።

"አሁን አያምሽም?" አልኳት።

"ምኑ?"

"ስግደቱ።"

"ኧረ ትናንት ለቀቀኝ!" አለችና ጆንያውን ዘርግፋ ሁለተኛውን ልታመጣ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የጠረጠርኩት። የእሷ ለቀቃት። የእኔ አልቀነሰም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ወገቤ ላይ የነበረው እየሳሳ ባቴ ላይ ደግሞ አዲስ ተጀመረ። ሕመም ከወገብ ሲወርድ እየወጣ ነው ይላሉ፤ የወንድሜም ሚስት ስነግራት፣ "ወደ እግር ወረደ? እንግዲህ ሊወጣ ነዋ" አለችኝ። ስመለስ በመንገድ ላይ ሁሉ ይህን ቃል ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት። ሊወጣ ከሆነ ለምን እየበረታ ይወርዳል?

ጎንደር ከተመለስኩ በኋላ ዕረፍት የሚባል ነገር አላገኘሁም። ቁጭ ስል ባቴን ይጠዘጥዘዋል። ስተኛ በጀርባዬ አይሆንም፣ በደረቴ አይሆንም፣ በጎኔ ሆኜ ጉልበቴን ካላጠፍኩ አይሆንም፤ እሱም ጥቂት ቆይቶ አይሆንም። ሳስነጥስ ከወገቤ እስከ እግሬ መብረቅ ይወርድብኛል። የሚሻለኝ ስሄድ ብቻ ነበር። ስለዚህ መጽሐፌን በእጄ ይዤ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ፣ ከማድ ቤቱ እስከ በርሜሎቹ፣ እያነበብኩ፣ ገጽ ለመግለጥ ብቻ እየቆምኩ። አከራዬ ምስር እየለቀሙ በዓይናቸው ይከተሉኛል።

"ዞረብኝ እኮ፣ ተማሪዪት! ምስሩንና ጠጠሩን መለየት አቃተኝ።"

ቄሱ ባለቤታቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆም ብለው አዩኝ። "ቅኔ እየቆጠርሽ ነው እንዴ ልጄ? የቅኔ ተማሪ እንዲህ ነው የሚዞር።"

"ቁጭ ማለት ስለማልችል ነው አባ።"

"እህ" አሉና ገቡ።

አከራዬ ግን ዝም ብለው የሚያዩ ሰው አይደሉም። በመጀመሪያ ቅባኑግ አሙቀው ወገቤን አሹልኝ፤ እጃቸው ደግ ነው፣ እሳቸው እያሹኝ ሳለ ይሻለኛል፣ ከተነሣሁ በኋላ ያው ነው። ቀጥሎ ጸበል አመጡልኝ፤ ጠጣሁ፣ ተቀባሁም። በሦስተኛው ደግሞ የመንታዎቹን እናት ጠሩ።

"መንታ የወለደች ሴት ወገብ ብትረግጥ ይለቃል፤ እኛ አገር እንዲህ ነው። በይ ጫማሽን አውልቂና ውጪባት።"

የመንታዎቹ እናት እኔን አየች፣ እግሯን አየች። ወፍራም ሴት ናት። "እትዬ፣ እኔ እኮ መንታ ከወለድኩ ወዲህ ሚዛን ላይ መውጣት ራሱ ትቻለሁ። ብትሰበርብኝስ?"

"በዝግታ ነዋ!"

"በዝግታም ክብደቱ ያው ነው።"

እኔ ምንጣፉ ላይ በደረቴ ተኝቼ የሁለቱን ክርክር እሰማለሁ። የመንታዎቹ እናት አንድ እግሯን አነሣች፤ ጣቷ ሲነካኝ ሁለታችንም እኩል ጮኽን። በዚህ ተበተንን። ዛሬም እሷን ባየሁ ቁጥር ያችን የፈራች እግር አመሰግናለሁ።

"ግዴለም" አሉኝ አከራዬ ሲወጡ፣ "አሁን በዓለ ሃምሳ ነው። ስግደት የለ፣ ጾም የለ። ወገብሽ ያርፍልሻል። ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ይለቅሻል።"

ይህ አሳመነኝ ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እውነትም ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለወገቤ ዕረፍት ያወጀችለት ያህል። ግን በዓለ ሃምሳ ጀሪካን አያነሣም፤ ጀሪካኑን የማነሣው እኔ ነኝ። ፈተናውም ከጰራቅሊጦስ ብዙ አይርቅም። ሃምሳውን ቀን ጠብቄ ባይለቀኝስ? ከዚያ በኋላ ምን የምጠብቀው ቀን ይኖረኛል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ የግቢውን በር አልፌ ወደ ክፍሌ እየሄድኩ ነበር። የመንታዎቹ እናት ከኋላዬ፣ "አንቺ! ጫማሽ!" አለችኝ።

ዞር ስል የቀኝ እግሬ ነጠላ ጫማ በሩ ላይ ቀርቷል። ከበሩ እስከ ቆምኩበት ድረስ ጠጠር ነው። በባዶ እግሬ ጠጠር ረግጬ መጥቻለሁ፣ አላወቅሁም።

"ምን እያሰብሽ ነው?" አለች እየሣቀች ጫማውን እያቀበለችኝ። ፊቴን አይታ ሣቋን አቆመች።

ገብቼ ሳፋ ላይ ውሃ አድርጌ እግሬን አጠብኩ። ግራው የራሴ እግር ነው፤ ውሃው ይቀዘቅዘዋል። የቀኙን አውራ ጣት ስነካው የሌላ ሰው ጣት ጨርቅ አልብሼ የነካሁ መሰለኝ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀና ላደርገው ሞከርኩ። ግራው ቀና አለ። ቀኙ ዘገየ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ደጋግሜ ሞከርኩት። በጭን የሚሰገድ ስግደት አውራ ጣት አያደነዝዝም። የአከራዬ ጣት አልደነዘዘም፣ የወንድሜ ሚስት ጣት አልደነዘዘም። ይህ የዓርቡ ድካም አይደለም፤ ምናልባት ከእሱ ጋር መጥቶ ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር ነው።

"ነገ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው" አልኳቸው አከራዬን።

እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ፣ "በስግደት ሐኪም ቤት?" አሉ። "ምን ብለሽ ልትነግሪያቸው ነው? ሰግጄ አመመኝ? ምን እንደሚሉሽ ልንገርሽ፦ ስግደት ተዪ። ሌላ ምን ያውቃሉ!"

የእሳቸውን ፍርሃት እኔም አውቀዋለሁ። ሕመሙን ስግደቱ አመጣው ማለት ስግደቱን መክሰስ ይመስላል፤ ማንም አማኝ ይህን በአፉ ማውጣት አይወድም። እስከዚያ ቀን ያዘገየኝም ግማሹ ይኸው ነበር።

ቄሱ ከመደባቸው ላይ ሆነው፣ "ትሂድ" አሉ። "እኔስ ጉልበቴን አሳይቼ የለ።"

አከራዬ ዞሩ። "መቼ?"

"አምና።"

"አምና መቼ? እኔ የት ሆኜ?"

"ትክል ድንጋይ፣ የእኅትሽ ልጅ ሠርግ ላይ።"

"እና እኔን ሠርግ ልከህ ሐኪም ቤት!" አከራዬ እኔን ረሱኝ። "ምን አሉህ?"

"ወፍራም ምንጣፍ አድርግበት አሉኝ። አደረግሁ። ማን ስግደት ተው አለኝ?"

ክርክራቸውን ሳይጨርሱ እኔ ወጣሁ፤ በማግሥቱም በጠዋት ሄድኩ።

የተመላላሽ ሕክምናው አግዳሚ ወንበሮች ሞልተው ነበር፤ ባይሞሉም አልቀመጥም። ከግድግዳው እስከ መስኮቱ ስመላለስ አንዲት ነርስ "ቁጭ በይ እናቴ፣ ተራሽ ይደርሳል" አለችኝ። አልችልም አልኳት። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ የእግሬን አጣጣል አየችና ካርዴን ወስዳ ገባች።

ሐኪሟ ከእኔ በጣም የምታንስ ሴት ናት። "ምን ሠርተሽ ነው የጀመረሽ?" አለችኝ።

ሁለቱንም ነገርኳት፤ ጀሪካኑንም፣ ስግደቱንም። ስግደቱን ስናገር ፊቷን ተመለከትኩ። "ከፋሲካ በኋላ ብዙ ሰው ይመጣል" አለች ብቻ። "አብዛኛው የጡንቻ ነው፣ በጥቂት ቀን ይለቀዋል። ያንቺ ስንት ጊዜ ሆነው? ... እና እስካሁን የት ነበርሽ?"

"ሁሉንም ሰው አሞት ነበር" አልኩ።

ሕመሙን እንድገልጽላት ስትጠይቀኝ ግን አፌ ተፈታ። ያን ያህል ጊዜ ስዞር ያሰብኩት እሱን ነውና። ወገቤ ላይ ይወጋል እንጂ አይጠዘጥዝም፤ ባቴ ላይ ይጠዘጥዛል እንጂ አይወጋም፤ ሳስነጥስ ይነዝራል፤ አውራ ጣቴ ላይ ሕመምም የለ፣ ደንዝዟል አልኳት። መጻፏን ትታ ቀና አለች። "ሁሉም እንዲህ ቢነግረኝ ግማሹ ሥራ ይቀልልኝ ነበር።"

አስተኝታ የቀኝ እግሬን ሳታጥፍ ወደ ላይ አነሣችው፤ ብዙም ሳይርቅ ጮኽኩ። በጣቶቼ ቆሜ እንድሄድ አደረገችኝ፤ ሄድኩ። በተረከዜ እንድሄድ አለችኝ፤ የቀኝ እግሬ ፊተኛው ጫፍ ወደ መሬት ወደቀ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሽንት አምልጦሽ ወይም አልወጣ ብሎሽ ያውቃል? በመቀመጫሽ አካባቢ፣ በእግሮችሽ መካከል መደንዘዝስ?" አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። እንዲህ ያለውን ከንስሐ አባቴ ጋር እንኳ አላወራም። "አፍረሽ እንዳትደብቂኝ፤ ከሁሉም ጥያቄ ይኼ ይበልጣል" አለች። የለም አልኳት፤ እውነትም አልነበረም። ያኔ ትከሻዋ ሲላላ አየሁ።

ከአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ወደ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ ሳይጫነው አልቀረም አለች። ጀሪካኑ ይሁን ስግደቱ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ምናልባት አንዱ ጀመረው፣ ሌላው ጨረሰው። አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ይሻለዋል። ግን ሽንቴ ከተበላሸ፣ ከእግሮቼ መካከል ከደነዘዘኝ፣ ወይም እግሬ ከዚህ በላይ ከሰነፈ ተራ ሳልጠብቅ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል እንድገባ ደጋግማ ነገረችኝ። መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ልውሰድ። አልጋ ላይ ልውል አይገባም፤ ልሂድ። ክብደት ላንሣ አይገባም። ረጅም ሰዓት አልቀመጥ። ፊዚዮቴራፒ ልጀምር። ስግደቱ እስኪሻለኝ በመቆም ይሁን።

"ፈተና አለብኝ" አልኩ።

"ለልጅሽ?"

"ለእኔ።"

ካርዱን እንደ ገና አየች፣ ዕድሜዬን ይመስለኛል። "ይቅርታ። ስንት ሰዓት ነው የሚያስቀምጥሽ?"

ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። "ቆመሽ አይቻልም?"

ይህ በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የፈለግሁት ሌሎች ሲቀመጡ መቀመጥ ነበር፤ የሰው ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያደግሁት። ለፈተናው ኃላፊዎች የምሰጠውን ማስረጃ ጽፋ አቀበለችኝ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ትዕግሥት ብቻ አልነበረም፤ ልመናም ነበረበት። እኔ ሰው መጠየቅ አልወድም። ግን ውሃ በመጣ ቁጥር በሬ ላይ ቆሜ፣ "እባክሽ አንድ ጀሪካን" ማለት ግድ ሆነብኝ። የመንታዎቹ እናት አንድም ቀን ዝም ብላ አላመጣችልኝም፤ "ለእመቤት ሻወር!" እያለች በግቢው ሁሉ እያወጀች ታመጣልኛለች። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየኝን እንቅስቃሴ ምንጣፌ ላይ ስሠራ አከራዬ በመስኮት አይተው፣ "ይኼስ ስግደት አይደለም እንዴ? የተገለበጠ ስግደት ነው እኮ!" አሉ። ባቴ ላይ ያለው መጠዝጠዝ እየሳሳ ወደ ወገቤ ተመለሰ። ሐኪሟ ይህን መልካም ምልክት ነው ስትለኝ የወንድሜ ሚስት ትዝ አለችኝ፤ አቅጣጫውን ነበር የገለበጠችው።

አውራ ጣቴ ግን ገና ነበር። በየጠዋቱ ከብርድ ልብስ ሳልወጣ ቀና አደርገዋለሁ፤ ትናንት ካለበት ከፍ አለ ወይስ አላለም እያልኩ እከራከራለሁ። መቀመጥም ገና ነበር። ጰራቅሊጦስ ደረሰ፣ አለፈ። የሐዋርያት ጾም ገባ፤ በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ሁሉ ሲወድቁ እኔ ብቻዬን ቆሜ ስቀር ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ቄሱ ከቅዳሴ ስንወጣ መቋሚያቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ፈተናውን ቆመሽ ነው አሉ። መቆም እንደሚመስልሽ ቀላል አይደለም ልጄ። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ቆመን ስናድር ማን የሚያዝንልን አለ? አንዱን እግር አሳርፊ፣ ከዚያ ሌላውን፤ ጉልበትሽን አታክርሪው። ይህን ያዢ።"

በፈተናው ጠዋት መቋሚያውን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አየኝ፣ መቋሚያውን አየ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"መቋሚያ።"

"አውቃለሁ መቋሚያ መሆኑን። ለፈተና ነው ለማኅሌት የመጣሽው? ዱላ አይገባም።"

"የቄስ ነው።"

"የጳጳስም ቢሆን አይገባም። ስትወጪ ትወስጂዋለሽ፤ እኔ እጠብቅልሻለሁ።"

ያለ መቋሚያ ገባሁ። ፈታኙ ማስረጃዬን አንብቦ ወደ ኋላ ወሰደኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ደረቡና ኮምፒውተሩን ከላይ አስቀመጡልኝ። ከፊቴ ያሉት ወጣቶች ዞረው አዩኝ። አንዷ ለጓደኛዋ፣ "ተቆጣጣሪ ናት?" ስትል ሰማኋት። ከዚያ ተጀመረ፣ ማንም ማንንም አላየም።

መጀመሪያ አካባቢ ጥያቄውን ማንበብ አልቻልኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ወገቤ ላይ ነበር። አንዱን እግር አሳረፍኩ፣ ሌላውን አሳረፍኩ። ጉልበቴን አላከረርኩትም። ሁለተኛውን ጥያቄ መለስኩ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። መሐል ላይ ባቴ እንደ ገና መጠዝጠዝ ሲጀምር ከጠረጴዛው ኋላ ጥቂት እርምጃ ሄድኩ፤ ፈታኙ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ግቢያችንን ስዞር ያነበብኩት ነገር ሁሉ በተራመድኩበት ቦታ ይመጣልኝ ጀመር፤ ይኼኛውን ማድ ቤቱ ጋ፣ ያኛውን በርሜሎቹ ጋ ነበር ያነበብኩት። ሰዓቱ ሲያልቅ አንድም ጥያቄ ሳልመልሰው አልቀረም።

ፈታኙ "ጨርሱ" ሲል ሁሉም ባንድነት ከወንበሩ ተነሣ። ያ ሁሉ ወጣት ወገቡን ይዞ አቃሰተ፤ አንዱ "ወገቤ ተሰበረ" አለ፣ ሌላው በሁለት እጁ ጠረጴዛ ተደግፎ ቀረ፤ እርስ በርስ እየተያዩ ይሥቁ ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜ አየኋቸው። የእነሱ እስከ ማታ ይለቃቸዋል።

ጫማዬ ውስጥ አውራ ጣቴን ቀና አደረግኩት። እስከ ጫማው ጣሪያ ደረሰ። ጥበቃው በሩ ላይ መቋሚያውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሞ ሲያየኝ፣ "እንዴት ነበር?" አለኝ።

"ቆምኩ" አልኩት፤ መቋሚያውን ተቀብዬ ወደ ሚኒባሱ ሳይሆን በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።